ለቲቸር ያሠራነው ጋቢ

መጀመሪያ ዋናውን ልንገራችሁ። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ለምታከብሩት ሰው ጋቢ ለማሠራት ካሰባችሁ፣ ከመደርደሪያ አውርዶ የሚሸጥላችሁን ቤት እለፉት። "ለማን ነው?" ብሎ የሚጠይቃችሁን ፈልጉ። እኛ ያገኘነው እንደዚያ ዓይነቱን ነው። 6,800 ብር ከፈልን፤ አልቆጨንም። እንከን የለውም አልልም። አለው፤ እሱንም ከታች እጽፋለሁ። ግን ጋቢው ለማን እንደተሠራ ካልነገርኳችሁ ለምን እንደወደድኩት አይገባችሁም።

የተማርኩት ደብረ ብርሃን ነው። 12ኛ ክፍልን የጨረስነው በ1990 ዓ.ም. ነው። ዓምና ክረምት ላይ የባቻችን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንዱ ልጅ ፎቶ ለቀቀ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ናቸው። አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ቆመው የማታ ተማሪዎችን ያስጠናሉ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ከኋላቸው ሰሌዳው ላይ የኢትዮጵያ ካርታ አለ። ፊታቸውን ሳላይ ካርታውን አይቼ የማን እጅ እንደሆነ አወቅኩ።

ቲቸር ካርታ ሲስሉ ጠመኔውን ከሰሌዳው አያነሡም። ከሰሜን ይጀምራሉ። በምሥራቅ በኩል ይወርዳሉ፤ የኦጋዴንን ሹል ይዞራሉ፤ በሞያሌ አድርገው በጋምቤላ በኩል ይወጣሉ። ከዚያ የጀመሩበት ነጥብ ላይ ይገጥማሉ። ይህን ሁሉ እያወሩ ነው፤ ግማሽ ፊታቸው ወደ እኛ ነው። ደብተራችን ላይ ያልሞከርነው ቀን የለም። የእኔዋ ኢትዮጵያ ሁልጊዜ ሆዷ ያብጥ ነበር።

ስማቸውን አልጽፍም። እሳቸው አይወዱትም። እኛም ድሮም ዛሬም "ቲቸር" ነው የምንላቸው።

ከፎቶው በኋላ ግሩፑ ውስጥ ማንም አልተኛም። አንዱ የሚያስታውሰውን ይጽፋል፤ ሌላው ይቀበላል። በመሃል አንዱ "እንዲያውም እሳቸው ራሳቸው የትምህርት ቤታችን ተማሪ ነበሩ" አለ። ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ለካ እኛ የተቀመጥንበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ተምረዋል። ለካ አስተማሪያችን ብቻ ሳይሆኑ ታላቃችንም ናቸው። ያኔ ነው "ጡረታ የወጡ አስተማሪ ብለን ሳይሆን፣ ትምህርት ቤቱ ያፈራቸው ሰው ብለን እዚያው ግቢው ውስጥ እናክብራቸው" የተባለው። ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ገንዘብ ያዥ ሆንኩ።

የሕይወት ታሪካቸውን የሚያዘጋጅ ሰው ሲጠፋ እሱም ለእኔ ደረሰ። ሁለት ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና እየጠጣን ጠየቅኳቸው።

11ኛ ክፍል ሳሉ ነው ትምህርት የተዘጋው። ታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ። እሳቸው የደረሳቸው ጋሞ ጎፋ ነው። ገና 18 ዓመታቸው ነበር። ሲመለሱ 12ኛን ጨርሰው የመምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። በ1971 ዓ.ም. መንዝ፣ መሐል ሜዳ ተመደቡ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ቀን ልጆቹን ያስተምራሉ፤ ማታ በኩራዝ ወላጆቹን ያስተምራሉ። "አባትና ልጅ አንድ ቀን ውስጥ አስተምሬ፣ ልጁ አባቱን የቤት ሥራ ሲያግዘው አይቻለሁ" አሉኝ። ያ ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ነው የተካሄደው፤ ዩኔስኮ ከሚሰጣቸው የመሠረተ ትምህርት ሽልማቶች አንዱንም አግኝቷል። ቲቸር ግን የነገሩኝ ስለ ሽልማቱ አይደለም። በመንዝ ብርድ ባና ለብሰው ስላስተማሩት ነው። ባናው እስካሁን አልጋቸው ላይ አለ።

ዲፕሎማቸውንም ዲግሪያቸውንም በክረምት እየተማሩ ነው የያዙት። በ1981 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ተዛወሩ። በ2009 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላቸውና ጡረታ ወጡ። ድምሩ 38 ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የማታ ተማሪ ማስጠናት፣ የእድሩን ጸሐፊነት፣ ለጎረቤት ማመልከቻ መጻፍ ቆጥሬ አልጨምርም።

እኔ ከሳቸው ትምህርት አንዱን ቀን ብቻ ልንገራችሁ። 11ኛ ክፍል ሳለን በአንድ አይሱዙ ተጭነን ጣርማ በር ወሰዱን። ከደብረ ሲና በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ጉም ነበር፤ ቆየት ብሎ ተገፈፈ። ከታች ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘረጋ። ቲቸር ከቦርሳቸው የውሃ ኮዳ አወጡ። በቀኝ በኩል ትንሽ አፈሰሱ። "ይሄ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ባሕር አያይም" አሉ። ሁለት እርምጃ ተራመዱና በግራ በኩል አፈሰሱ። "ይሄ ጀማ ይገባል። ጀማ አባይ ይገባል። ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል።" ኮዳውን ዘጉት። ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይሄ የቱ ጋ ይሄዳል ብዬ አስባለሁ። 45 ዓመቴ ነው፤ አሁንም አስባለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጋቢው እገባለሁ። አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። 10ኛ ክፍል ሳለን ሊድሯት ነው ተባለና ቀረች። ቲቸር እሑድ አባቷ ቤት ሄዱ። መለሷቸው። በሳምንቱ ሄዱ። ጠላ ቀድተው መለሷቸው። በሦስተኛው እሑድ ልጅቱ ሰኞ ክፍል ገባች። ዛሬ አዋላጅ ነርስ ናት። ለዝግጅቱ የመጀመሪያዋን 5,000 ብር ያስገባችው እሷ ናት።

አሁን ምን እንስጣቸው የሚለው ክርክር መጣ። አንዱ ዋንጫ አለ። አንዱ ወርቃማ ጥልፍ ያለበት ካባ አለ። ዲሲ ያሉት ትልቅ ቴሌቪዥን አሉ። አንዱ ጥሬ ብር ይሻላል አለ። ከዚያ ነርሷ ጻፈች፦ "ደብረ ብርሃን ይበርዳል። የሚሞቅ ነገር ይሁን።" ሁሉም ዝም አለ። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። አንዱ "እንግዲያው ብርድ ልብስ ነዋ፤ ፋብሪካው እዚያው ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ያልሞቀው ሰው ጥቂት ነው። ነርሷ ግን "ብርድ ልብስ አልጋ ላይ ይቀራል፤ ጋቢ ሰው ለብሶት ይወጣል" አለች። በዚህ ተዘጋ።

ለማስታወሻ አንድ ሽልድም ይኑር ተብሎ ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጠን። የአባታቸው ስም ላይ አንድ ፊደል ጎደለ። ስናሳያቸው "ከሩቅ አይታይም" አሉን። 38 ዓመት ሙሉ የእያንዳንዳችንን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ያረሙ ሰው ፊደል የጎደለው ሽልድ እንዴት ይሰጣቸዋል? እንደገና አሠራን፤ ግማሽ ዋጋ እንደገና ከፈልን። ይህን የማነሳው ሸማኔው ቤት ያገኘሁት ነገር ለምን ልቤን እንደነካው እንዲገባችሁ ነው።

ሽሮ ሜዳ የሄድኩት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ በግራም በቀኝም የባህል ልብስ ነው። አራት ሱቅ ገባሁ። ልብሱ ያምራል፤ ውሸት አልናገርም። ግን ግማሹ በማሽን የተመታ ነው፤ ጥለቱም የታተመ ነው። "የእጅ ነው?" ስትሉ "አዎ፣ የእጅ ነው" ይሏችኋል። ስለዚህ መለያውን ልንገራችሁ። ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አድርጋችሁ እሹት። የእጅ ፈትል እኩል አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ትናንሽ እብጠቶች ጣታችሁን ይነኩታል። የፋብሪካው ክር ልስልስ ነው፤ ሲነኩትም ቀዝቀዝ ይላል። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። እኩል የተሰመረ ደብተር ከመሰለ የእጅ አይደለም።

አምስተኛው ቤት ከመንገዱ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቀጭን ቅያስ ውስጥ ነው። ከሱቁ ኋላ የሸማ መሥሪያው ድምፅ ይሰማል። ባለሙያው ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ጋቢ ማሠራት ፈልጌ ነበር" አልኩ።

"ለማን ነው?"

"ለአስተማሪያችን።"

"ዕድሜያቸው?"

"ስልሳ ዘጠኝ።"

"ቁመታቸውስ?"

"ረጅም ናቸው። ቀጭን።"

"የት ነው የሚኖሩ?"

"ደብረ ብርሃን።"

"እህ። እዚያ ብርድ አለ" አሉና ከመደርደሪያው ያወረዱትን ጋቢ መልሰው ሰቀሉት። "ይሄ አይሆናቸውም። ተቀምጠው ነው የሚውሉ ወይስ ይንቀሳቀሳሉ?"

"እሳቸው አይቀመጡም።"

እንዲህ እየተጠያየቅን ሩብ ሰዓት ሄደ። አንድ የምመክራችሁ ነገር ቢኖር ይህችን ሩብ ሰዓት አትንፈጓት። እኔ እንደ ፎርም የምሞላው ነገር መስሎኝ ነበር። ባለሙያው ግን በእያንዳንዱ መልስ አንድ ነገር ይወስናሉ። ረጅም ስለሆኑ ቁመቱ ይጨመር። ስለሚንቀሳቀሱ በጣም አይክበድ። ብርድ ስለሆነ ማጉ ጠበቅ ብሎ ይመታ። ጥለቱን እኔ ሰፊ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነበር ያሰብኩት። "ያ ለሙሽራና ለበዓል ነው። እሳቸው በየቀኑ እንዲለብሱት ከሆነ ቀጭን ይሁን" አሉ። ሁለት ጣት የማትሞላ ጥቁር ሰማያዊ ጥለት ተስማማን።

ኮሚቴው ዳሩ ላይ "ለውድ አስተማሪያችን" የሚል በጥልፍ እንዲጻፍ ወስኖ ነበር። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እህቴ፣ ብትፈልጊ አስጠልፍልሻለሁ፤ ጠላፊው ጎረቤቴ ነው። ግን ጽሑፍ ያለበትን ጋቢ ለቅሶ ቤት ለብሰውት አይሄዱም። ቤተ ክርስቲያንም አይሄዱበትም። አጥፈው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። እንዲለብሱት ነው እንዲያስቀምጡት?"

እዚያው ቆሜ ለኮሚቴው ደወልኩ። ጥልፉ ቀረ። ጽሑፉ ሽልዱ ላይ አለ፤ ሽልዱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጋቢው ትከሻ ላይ ይዋል።

ስለ ክሩም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። "ድሩ የፋብሪካ ነው። ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ሙሉውን የእጅ ፈትል ካልሽ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ሁለት ወርም ይፈጃል።" ይህን ያህል ግልጽ የሆነልኝ ሱቅ በዚያ ቀን አላጋጠመኝም። ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሸማኔው አንድ እጁ መወርወሪያውን ወርውሮ ሌላው እጁ የሚቀበልበትን ያህል ወርድ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ረጅም አድርጎ ይሸምንና ይቆርጠዋል፤ ጎን ለጎን ይሰፋዋል፤ ይደርበዋል። መሃሉ ላይ የምታዩት ስፌት እንከን አይደለም፤ የእጅ ሥራ ምልክት ነው።

ልሰናበት ስል የቲቸርን ታሪክ አነሣሁላቸው። ጋሞ ጎፋ ዘምተው እንደነበር ስነግራቸው ቀና አሉ።

"እኔ የጨንቻ ልጅ ነኝ" አሉ። "አባቴ ስሙን መጻፍ የተማረው ከዘማች ነው። በጣቱ መፈረም ትቶ እስኪሞት ድረስ በዚያ ፊደል ነው የፈረመው።"

"ምናልባት ቲቸር ይሆኑ ይሆን?" አልኩ፤ ልቤ ዘለለ።

"አይ፣ ብዙ ነበሩ እኮ። የአባቴ አስተማሪ ሴት ናት።" ትንሽ ዝም አሉ። "የእሷን ስም ልጆቿ ያውቁት እንደሆነ እንጂ እኛ ቤት ጠፍቷል። 'ዘማቿ' ነው የምንላት።"

ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ላክሁ። ሦስት ሳምንት ተባልኩ።

አሁን እንከኖቹ። አንደኛ፣ በሦስት ሳምንት አልደረሰም። ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ትእዛዝ ይደራረባል፤ ባለሙያውም "አዎ" ማለት ይቀናቸዋል። አምስት ሳምንት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የተረከብኩት። ዝግጅቱ ከጥምቀት በኋላ ባይሆን ኖሮ ባዶ እጃችንን ነበርን። ሲዘገዩ ደውለው አይነግሯችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምትደውሉት። ሁለተኛ፣ ደረሰኝ የላቸውም። ለኮሚቴ ወይም ለመሥሪያ ቤት የምትገዙ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት። እኔ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አስፈርሜ ከቴሌብሩ መልእክት ጋር አያይዣለሁ። ሦስተኛ፣ ስረከበው አንዱ ጥግ ላይ ስፌቱ ስንዝር ያህል ተፈትቶ አገኘሁት። ካላየሁት እንደዚያው ይወጣ ነበር። እዚያው ቁጭ ብለው ሰፉልኝ፤ ገንዘብ አልጠየቁም። ግን ከመቀበላችሁ በፊት አራቱንም ጥግ ዘርግታችሁ እዩ።

ሁለት ጊዜ ልጎበኝ ሄጄ አንዱን ቀን ሲሠሩ አገኘኋቸው። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። መርገጫውን በተራ በተራ ይረግጣሉ። ማጉ የተጠቀለለበት ቀሰም መወርወሪያው ውስጥ አለ። ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውሩታል፤ ይመታሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውሩታል፤ ይመታሉ። እያወሩኝ ነው የሚሠሩት። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፤ እጃቸው ሥራው ላይ። የት እንዳየሁት ወዲያው መጣልኝ፦ ጠመኔውን ሳያነሡ ካርታ የሚስሉት ሰው ጋ።

ዝግጅቱ ቅዳሜ ነበር። በሁለት ሚኒባስ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን ሄድን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ተማሪዎቹ በዩኒፎርም ተሰልፈዋል። ቲቸር ያንኑ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ድሮ የዚያ ኮት ቀኝ እጅጌ ሁልጊዜ ነጭ ነበር፤ በጠመኔ።

ጋቢውን ያለበሰቻቸው ነርሷ ናት። ቲቸር መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጫፉን ይዘው በሁለት ጣታቸው ማሸት ነው።

"ማጉ የእጅ ፈትል ነው" አሉ። "እናቴ ፈታይ ነበረች። ደብተር የምትገዛልኝ ልቃቂት ሸጣ ነው። ማነው የሠራው?"

"ሽሮ ሜዳ ያሉ የጨንቻ ሰው ናቸው" አልኳቸው።

ቲቸር መልስ አልሰጡኝም። ማይክራፎኑ ሲሰጣቸው ግን ስለ 38 ዓመታቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ጨንቻ ተናገሩ። የዘመቱት እዚያ ነው፤ እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። የደረሱት በጨለማ ነው፤ ዝናብ ነበር። ቋንቋ አያውቁም። ያሳደሯቸው የገበሬ ቤተሰብ ናቸው፤ ከቀርከሃ በተሠራ ትልቅ ቤት ውስጥ። የቤቱ እመቤት አንድ ቃል ሳይናገሩ ያላቸውን ቡልኮ አውጥተው ደረቡላቸው። ጠዋት ሲነሡ ባልና ሚስቱ ባዶ ቁርበት ላይ ተጠጋግተው ተኝተዋል። "ላስተምር ሄጄ መጀመሪያ የተማርኩት ይህንን ነው" አሉ። "ዛሬ ሁለተኛ ጊዜ ደረቡልኝ።" ነርሷ እንባዋን መቆጣጠር አልቻለችም። እኔም አልቻልኩም።

ከዚያ ክፍል ማየት እፈልጋለሁ አሉ። የድሮ 11ኛ ቢ ገባን። ጠመኔ ጠየቁ። በግራ እጃቸው ጋቢውን ደረታቸው ላይ ይዘው በቀኛቸው መሳል ጀመሩ። የኦጋዴንን ሹል ሲዞሩ ጋቢው ከቀኝ ትከሻቸው ተንሸራተተ። በግራ እጃቸው ሳብ አደረጉት። ጠመኔው ከሰሌዳው አልተነሣም። ካርታው ገጠመ። የዛሬዎቹ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር፤ አንዷ ግን ደብተር አውጥታ ትሞክር ነበር። የጠመኔው ብናኝ ጋቢው ላይ ሲረግፍ አየሁ። ነጭ በነጭ ነው፤ አይታይም።

አሁን ወር አልፎታል። ደውዬ ስለ ጋቢው ጠይቄያቸዋለሁ። ይሞቃል። እድርም፣ የማታ ትምህርትም፣ ለቅሶም ለብሰውት ሄደዋል። መጀመሪያ ሰሞን ኮታቸው ላይ ብናኝ ያራግፍ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከታጠበ በኋላ ተወ። ማጠቡን ባለሙያው እንደነገሩኝ ነው ያደረጉት፦ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ዘርግቶ ፀሐይ ላይ። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳልና አንድ ሰው አይችለውም፤ ሁለት ሆናችሁ ጫፍና ጫፉን ያዙ። ማሽን ውስጥ አትክተቱት።

ለፋሲካ ማሠራት የምትፈልጉ ካላችሁ ጾሙ ሳይጋመስ እዘዙ። የሚነግሯችሁ ቀን ላይ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት። ስትሄዱ የሰውየውን ቁመት ብቻ ሳይሆን ውሎውንም አውቃችሁ ሂዱ።

ባለፈው ሳምንት ቀሪ ሒሳብ ልዘጋ ሽሮ ሜዳ ተመለስኩ። የክፍሉን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ባለሙያው ስልኩን ተቀብለው "ሞቃቸው?" አሉ። ሞቋቸዋል አልኩ። ፎቶውን በጣታቸው አሰፉት። የቲቸርን ፊት አልነበረም የሚያዩት፤ ቀኝ ትከሻውን ነው።

"እዚህ ጋ ተንሸራቷል" አሉ። "ሲያስተምሩ ክንዳቸውን ከፍ እንደሚያደርጉ አልነገርሽኝም። በወርዱ ስንዝር ልጨምርበት። ይዘሽው ነይ፤ ክፍያ የለውም።"

ከዚያው ሆኜ ለቲቸር ደወልኩ።

"አሁን አልሰጥሽም" አሉ። "ብርዱ ይለፍ።"